አርባው ሳይወጣ የሰቀልኳቸው ድሪሎች

ባሌ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግድግዳ ላይ የድሪል መስቀያ ሠራሁ። ይህን ስናገር የሰው ፊት ይለዋወጣል። «ምን ነካሽ? በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ አጣሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ አጣሁ! እንባዬ አልቆ፣ ለቀስተኛውም እየሳሳ ሄዶ፣ እኔና አማቴ ባዶ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ስንቀር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አልጋ ሥር በጆንያ ተጠቅልለው የተቀመጡት አራት ባለ ባትሪ ድሪሎች አርባው ሲወጣ ከቤቴ ሊወጡ ነው። እነሱ ከወጡ ደግሞ እኔ የምበላው የለኝም።

ቤታችን ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በእንጨትና በጭቃ ያቆምነው ባለ ቆርቆሮ ቤት። የመንገድ ዳሩን ክፍል ሥራ ቤት አድርገነዋል። የምንሠራበት ጠረጴዛ ባንኮው፣ ጣውላው፣ መጋዙ፣ የቀለም ጣሳው ሁሉ እዚያ ነው። ከሥራ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ክፍል የአማቴ ነው፤ በመሃል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ እኔ ወዲህ ሳስነጥስ እሳቸው ወዲያ ሆነው «ይማርሽ» ይሉ ነበር። ዘመኑ ሚሊኒየሙ ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ግድም ነው። በቡና ትንሽ ያገኘ ሁሉ የሣር ክዳኑን አፍርሶ ኮርኒስ ያለው ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ እኛም በርና መስኮት እንገጥማለን፣ ኮርኒስ እንመታለን።

ሥራው የሚበዛው ግን ከከተማ ውጭ ነበር፤ ማሻ፣ ጌጫ፣ ሲቀናን ደግሞ እስከ ማጂ። እኛ የምንጠራበት መንደር መብራት ወይ አልገባም፣ ወይ ገብቶ ጠፍቷል። ባለ ገመድ ድሪል ተሸክሞ መሄድ ድንጋይ ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው። ባለ ባትሪው ግን ሚዛን ላይ ሞልተነው ከሄድን ቀኑን ሙሉ ይበሳል፣ የሚጠመዘዘውን ሚስማር፣ ቪቴውን፣ ያጠብቃል። በአካባቢያችን ካሉ አናጢዎች እንደ እኛ አራት ባለ ባትሪ ድሪል ያለው አልነበረም። የምንታወቀውም በእነሱ ነው። ሥራ ያለው ሰው ስማችንን ባያውቅ እንኳ «እነዚያን መብራት የማይፈልጉትን ጥሩልኝ» ይል ነበር።

አሁን የምናገረውን ያኔ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እኔና እሱ። በሰው ዘንድ ባሌ ባለሙያው፣ እኔ ቪቴ አቀባይ ነበርን። መጀመሪያ ላይ እውነትም እንደዚያ ነበር። በኋላ ጌጫ አንድ ትምህርት ቤት ኮርኒስ ስንሠራ ከመሰላል ወደቀና ቀኝ እጁ ተጎዳ። ሐኪም ቤት ተመላለስን፣ ወጌሻ ጋ ተመላለስን፣ እሱ ጠበል ተጠመቀ፣ እኔም በእኔ ቤተ ክርስቲያን አስጸለይኩለት። እጁ አልተመለሰም። ጣቶቹ ድሪል ይቅርና ማንኪያ መያዝ እምቢ አሉ።

አንድ ቀን ባንኮው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አገኘሁት። ድሪሉን አነሣሁና «አንተ ልኩን ንገረኝ፣ እኔ ልብሳ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ይለካል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል፤ እኔ መሰላል ላይ እወጣለሁ። ሥራ ስንጀምር ባለቤቶቹን «አቧራው ይጎዳችኋል» ብሎ ያስወጣና በሩን ይዘጋል። ድንገት የገባ ሰው ካለና እኔን መሰላል ላይ ካገኘኝ ደግሞ «ቀለል ያለች ስለሆነች መሰላሉ እሷን ይችላታል» ብሎ ያስቀዋል። ሴት የምትመታውን ኮርኒስ ማን ያሠራል? ነገ ራሳችን ላይ ይወድቃል ይሉናል። ስለዚህ ዝም አልን። ከሁሉ በላይ ግን ዝም ያልነው ለእናቱ ብለን ነው።

አማቴ ከሰሜን ገና በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር የመጡ ሴት ናቸው። እኔ የቤንች ልጅ፣ ያውም ጴንጤ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሳገባ ዓመት ሙሉ በስሜ አልጠሩኝም፤ «ያቺ ልጅ» ነበርኩ። እያደር ተላመድን፤ ቆይቶ ደግሞ ተዋደድን ማለት እችላለሁ። ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅና በኮቴ ነው። ልጃቸው «እጄ ድኗል፣ እማማ» አላቸው፤ አመኑ። ለምን አያምኑ? በግድግዳው በኩል ድሪሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ወሬውን ያቋርጡና «ሰማችሁ? ይሄ እኮ ልጄ ነው» ይላሉ። እኔ በወዲህኛው ወገን ሰጋቱራ ፀጉሬን ሞልቶት እሰማለሁ። አንዳንድ ቀን ያስቀኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቆሽቴ ያርር ነበር።

ከዚያ ባሌ ጉበቱን ታመመ። ክረምቱ ሲገባ ተኛ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ታናሽ ወንድሙ ቴፒ ይኖራል፤ እሱም አናጢ ነው። እንደ ሰማ ተሳፍሮ መጣና የሬሳ ሳጥኑን በእኛው ባንኮ ላይ፣ በገዛ እጁ መታው። እያለቀሰ ነው የመታው። የመዶሻው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሲሄድ አማቴ በእያንዳንዱ ምት «ወይኔ፣ ወይኔ» ይሉ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ «እስከ አርባው እዚህ ቤት መዶሻ እንዳይመታ» ብለው ገዘቱ። ሳጥን በተመታበት ቤት አርባው ሳይወጣ ሚስማር ከተመታ ሌላ ሳጥን ይጠራል ይላሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

በሠልስቱ ማግስት ወንድሙ ወደ ቴፒ ሊመለስ ሲል እናቱ አጠገብ አስቀመጠኝ። «እህቴ፣ እንግዲህ አርባው ሲወጣ ድሪሎቹን መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እግዜር ይመስክር። በእነሱ ቤተሰብ የሟች የእጅ ሥራ መሣሪያ የሚያልፈው በሙያው ላለ ወንድም ነው። የአባታቸው መሮና መጋዝ ወደ አጎታቸው ሲሄድ አማቴ ራሳቸው ናቸው አሉ በጨርቅ ጠቅልለው ያስረከቡት። «ቤቱ ያንቺ ነው፣ ጣውላውም ያንቺ ነው፤ የሚነካብሽ የለም። ድሪሉን ግን ምን ታደርጊበታለሽ? ዝም ብሎ እርጥበት ይበላዋል። ባይሆን ሥራ ቤቱን ሻይ ቤት አድርጊው፤ ወንበሩን እኔ ሠርቼ አመጣልሻለሁ» አለ።

ሻይ ቤት! እኔ እኮ ሻይ በወጉ አላፈላም። ባሌ «ያንቺን ሻይ የጠጣ ሰው ውሃ ይጠማዋል» እያለ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው። አፌን ከፈትኩ። ድሪሉን ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ ልለው ነው። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፃችን አዙረው ተቀምጠዋል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። «እሺ» አልኩ።

መስቀያው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ድሪሎቹ በጆንያ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ከተገኙ የሞተ ሰው ዕቃ ናቸው፤ የመጣ ሁሉ ብድግ አድርጎ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ በሥርዓት ተሰቅለው፣ ባትሪያቸው ሞልቶ፣ መብሻ ፑንታቸው በየውፍረቱ ተደርድሮ ከተገኙ ግን የሚሠራባቸው ሰው እንዳለ ያስታውቃሉ። ወንድሙም አናጢ ነው፤ ሲያየው ይገባዋል፤ እኔም ባሌን የሚያዋርድ ቃል ማውጣት አይኖርብኝም። ግድግዳው ይናገርልኝ አልኩ። በዚያ ላይ የሚዛን ክረምት የታወቀ ነው፤ ጨው ይቀልጣል፣ ጫማ ይሻግታል፣ የባትሪው መዳብ አረንጓዴ ያወጣል። ባሌም በቁሙ ሳለ «ለእነዚህማ አንድ ቀን ቦታ እንሠራላቸዋለን» እንዳለ ነው የሄደው።

ከበር ሥራ የተረፈ የዋንዛ ጣውላ ነበረን። አንዱን አግድም እንዲሆን ቆርጬ ከፊት ጠርዙ ወደ ውስጥ አራት ቦታ በመጋዝ ቦረቦርኩት። የድሪሉ ሆድ ጣውላው ላይ ያርፋል፣ እጀታው በቦረቦርኩት በኩል ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ሲፈለግ ወደ ፊት ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ከላዩ ቻርጀሮቹና ትርፍ ባትሪዎቹ የሚቀመጡበት ሌላ መደርደሪያ አደረግሁ፣ የመብራት ማከፋፈያ ዲቫይደሩንም ጎኑ ላይ አሰርኩ። ፑንታዎቹ የሚሰኩበት፣ ድሮ የተበሳ ሞራሌ እንጨት ከታች መጣ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈተግሁት። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ትንሽ ያርፍ ነበር። አማቴ በግድግዳው በኩል «ምን እየቆረጥሽ ነው?» ሲሉኝ «ማገዶ ነው፣ እማማ» እያልኩ አለፍኩ።

ችግሩ ማሰሩ ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቪቴ አይዝም፤ ከጭቃው ጀርባ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጎ እሱ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። በጣቴ እየቆረቆርኩ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ድምፁ ደፈን ሲል ጭቃ ነው፣ ጠንከር ሲል እንጨት። በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ ከፍታውን በራሴ ቁመት ለካሁት። መዶሻ ተከልክሏል፤ እሺ። ግን ቪቴ መዶሻ አይፈልግም! ይህን ሳስብ በብልጠቴ ተደሰትኩ። ሚስማር አልመታ፣ ግዝት አላፈርስ። ድሪሉ ራሱ ድምፅ እንዳለው፣ ያ ድምፅ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቅንጣት ታህል አልታሰበኝም። እኔ ጆሮዬ ለምዶታል፤ አልሰማውም።

እሑድ ጠዋት አማቴ ከጎረቤት ሴት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ጣውላውን በትከሻዬ ደግፌ የመጀመሪያውን ቪቴ አስገባሁ። ስቶ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ቁራጭ ጭቃ ተገምሶ እግሬ ላይ ወደቀ። ረገምኩና ትንሽ ወደ ግራ አልኩ። ሁለተኛው እንጨቱን አገኘው። እሰይ! ድሪሉ እንጨት ሲይዝ ድምፁ ይወፍራል፤ ይህን ድምፅ እወደዋለሁ። ሦስተኛውን እያጠበቅሁ ሳለ በሩ ከጀርባዬ ተበረገደ።

አማቴን ዝናብ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ተመልሰው ኖሯል። ነጠላቸው ረጥቦ ራሳቸው ላይ ተለጥፏል፤ ምርኩዛቸውን የሆነ ቦታ ጥለውታል፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ቆመዋል።

«ልጄ!» አሉ። «መጣህልኝ?»

ጣቴን ከድሪሉ አነሣሁ፤ ቤቱ ጭር አለ። እሳቸው ዝምታውን እየሰሙ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ። ለጠላቴም አልመኘው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያ «መዶሻ ግን አልመታሽም፤ አይደል?» አሉኝ።

«አልመታሁም። ቪቴ ነው።»

«እንግዲያው ይሁን።» ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና ባንኮው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቁጣቸውን ስጠብቅ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ! እስቲ አንዴ አስጩሂልኝ።»

አስጮህኩት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። «ያው የልጄ ነው» አሉ። «መሣሪያው የእሱን እጅ ለምዶ ቀርቷል። ወንድሙ ሲይዘው ይንጣጣል፣ ሰውን ያደነቁራል። እሱ ግን ሲያስገባ አይቸኩልም፤ ሲጨርስ ደግሞ ቀስ አድርጎ ነው የሚተወው።»

ቀስ አድርጌ የምተወው እኔ ነኝ። ኧረ እኔ ነኝ፣ እማማ! በልቤ እንዲህ እያልኩ የሚቀጥለውን ቪቴ አነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጡ። መስቀያው አልቆ ድሪሎቹ ከተሰቀሉ በኋላ የምበሳው ነገር ስለሌለ ቁርጥራጭ ጣውላ ባንኮው ላይ አስሬ ዝም ብዬ እበሳለሁ፤ እሳቸው ይሰማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ «እጅህን ይባርከው» እያሉ ይመርቃሉ። እጁ የእኔ ነው፤ ምርቃቱ የእሱ። በሞተ ባሌ ቀናሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ግን ቀናሁ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ውጭ አግኝታኝ «ሰው ምን ይላል? ባልሽ አፈሩ ሳይደርቅ ቤትሽ ውስጥ ማሽን ይጮኻል» አለችኝ። «አማቴን ጠይቂያቸው፤ ያዘዙት እሳቸው ናቸው» አልኳትና ጥያት ገባሁ።

ቢሆንም የማየው ነገር አለ። አማቴ ሥራ ቤት ተቀምጠው ከወጡ በኋላ እህል ይቀምሱ ጀመር። እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር። ማታ ማታ ስለ ልጃቸው ሲያወሩኝ ሲቃቸው ቀነሰ፤ ልጅ ሳለ ከእንጨት ቁራጭ የሠራላቸውን የመቀመጫ ዱካ ሁሉ ይተርኩልኛል። ታዲያ ይህቺን ሴት እንዴት አድርጌ ነው «የሚሰሙት እሱን አይደለም» የምላቸው? በሌላ በኩል ጠዋት ጠዋት ድሪሎቹን እያየሁ ለአርባው የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ። ማሻ አንድ የጀመርነው ቤት አለ፤ ባለቤቱ «ከአርባው በኋላ ማን ይጨርስልኛል?» ብሎ ልኮብኛል። አርባው እየቀረበ በመጣ ቁጥር ሁለቱን ነገር ማስታረቅ አቃተኝ። ግድግዳው ይናገርልኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አርባው ወጣ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ተበተነ። የድሪሎቹን ነገር በሽምግልና ሊጨርሱ የቀሩት የአማቴ የንስሐ አባት፣ የዕድሩ ሰብሳቢና አንድ አዛውንት ጎረቤት ናቸው። ዝናብ ስለነበር ሁላችንም ሥራ ቤት ገባን፤ አማቴን ከንስሐ አባታቸው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ወንድሙ ገና እግሩ እንደገባ መስቀያውን አየና ቆመ። አራቱ ድሪሎች በተራ ተንጠልጥለዋል፤ የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ ሆኗል፤ ፑንታዎቹ ከቀጭን ወደ ወፍራም ተሰክተዋል። ጎንበስ ብሎ አንዱን ሳበ፣ መለሰው፤ ጣውላውን ነቅነቅ አደረገ፤ አልተነቃነቀም። አናጢ አይደል? ዐይኑ በራ። እኔም ተመስገን ልል ነው።

«አቤት ወንድሜ!» አለና እንባው መጣ። «ታሞ እንኳ ይሄን ሠርቶ ነው የሄደው። ሳጥኑን ስመታ እንባ ጋርዶኝ ልብ አላልኩትም።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ።

«አዎ፣ እህቴ፤ መቼም ሳትረጂው አትቀሪም» አለኝ፤ ለስለስ ብሎ፣ ያዘነልኝ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግድግዳውማ ተናገረ፤ የተናገረው ግን ስለ እሱ ነው።

የዕድሩ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የቤተሰቡ ወግ የታወቀ ነው። ሦስቱ ለወንድም ይሂዱ፤ አንዱ ለመታሰቢያ ለባለቤቱ ይቅር። መስቀያውም እንዳለ ይቀመጥ፤ የሟች የእጅ ሥራ ነው። ልጅ የለ፣ ክርክር የለ፤ በዚህ እንመርቅ» አሉ።

ለመታሰቢያ! በአንድ ድሪል ኮርኒስ አይመታም፤ አንዱ ይበሳል፣ አንዱ ያጠብቃል፣ ባትሪው ሲደክም ሌላው ይነሣል። እሱን ግን ማን አሰበው? እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ አንጠልጥዬ እንዳለቅስበት ነው። ደሜ ፈላ።

«አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ጌጫ ላይ ከወደቀ ወዲህ ባሌ ድሪል አንሥቶ አያውቅም። እጁ አይጨብጥም ነበር። ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ። የእርስዎንም ሳሎን፣ ጋሼ፣ ኮርኒሱን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ሳያስቡት ቀና ብለው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፤ የገዛ ሳሎናቸው ውስጥ የተቀመጡ መሰላቸው። ወንድሙ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እህቴ፣ ተይ» አለኝ። «ወንድሜን መቃብር ውስጥ አታዋርጂው። ለድሪል ብለሽ?»

«ለድሪል ብዬ ነው! እንጀራዬ ነው!»

የንስሐ አባቱ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ምስክር ይፈልጋል። ማን ያውቅልሻል?» አሉኝ።

ማን ያውቅልኛል? በር ዘግተን፣ ሰው እያባረርን፣ ማንም እንዳያውቅ ስንጠነቀቅ ነው የኖርነው። ዐይኔ አማቴ ላይ አረፈ። ተናድጄ ያመለጠኝ ቃል ነው እንዳልል አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው ያወጣሁት።

«እማማ ያውቃሉ» አልኩ። ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እማማ፣ አሁን በየቀኑ የማሰማዎት ድምፅና ያኔ በግድግዳው በኩል ሲሰሙት የኖሩት ልዩነት አለው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ቀጥሎ ከንፈራቸው ላላ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ «ይሄ እኮ ልጄ ነው»፣ ያ ሁሉ ምርቃት። «ልዩነት አለው» ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ማን ይከራከራቸዋል? እኔም አልከራከራቸውም ነበር።

«አንድ ነው» አሉ። «የአንድ ሰው እጅ ነው።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ድሪሎቹ ቀሩልኝ። ወንድሙ መስቀያውን በእጁ ነካ አደረገና «አላወቅኩም ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለኝ። ሽማግሌዎቹም መረቁኝ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ሁሉም ሲወጡ አራቱንም አንድ በአንድ ነካኋቸው፣ የእኔ ናችሁ አልኳቸው። አማቴ ግን በዚያ ምሽት እራት አልቀመሱም። «እማማ፣ ትንሽ እንኳ» ስላቸው «ጠግቤያለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ታናሹን ልጃቸውን ጠርተው ልብሳቸውን አስጠቀለሉት። ከእሱ ጋር ቴፒ ሊሄዱ ነው። ለመንኳቸው፤ ወንድሙም «ትንሽ ቆዪ፣ እናቴ» አላቸው። አልሰሙንም።

መናኸሪያ ድረስ ክንዳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ተደግፈውኝ ሄዱ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ አስቀመጥናቸው፤ ወንድሙ ዕቃ ሊያስጭን ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። እጃቸውን አወጡና ትከሻዬን ፈልገው አገኙት።

«ውሸት አልተናገርሽም» አሉኝ። «የተናገርሽው እውነት ነው። ግን እስከ ሙት ዓመቱ እንኳ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?»

«ድሪሎቹ ይሄዱብኝ ነበራ፣ እማማ።»

«ቢሄዱስ?»

ንዴቴ ተመልሶ መጣ፤ እዚያው መናኸሪያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቢሄዱስ ይላሉ? እኔስ? እኔስ የት እወድቅ ነበር?»

ጥያቄው እንግዳ የሆነባቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንቺማ ከእኔ ጋር ትኖሪ ነበር» አሉ።

ምን እየበላን፣ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳልለው ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ ሚኒባሱ ተነሣ፣ እጃቸው ከትከሻዬ ላይ ወረደ።